የጢሜ መርዶ

ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ሆኖም በሰው አገር አርጂ ሽማግሌ ማግኘት ቢቸግረኝ ራሴው ላረዳዎ ተገድጃለሁ። ከእርስዎ የወረስኩት፣ በማበጠሪያና በቅባት አቀማጥዬ ያሳደግኩት ጢሜ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ዐርፏል። አሟሟቱን ከመተረኬ በፊት ግን፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ እንዴት ይዞዎታል? የእማዬ ጉልበት ደረጃ ሲያይ አሁንም ያኮርፋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ፤ አገጬን ብቻ ይበርደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምሠራበት ማተሚያ ቤት አለቃችን፣ ጠራዧና እኔ ነን ያለነው። ማሽኑን የማጥበው እኔ ነኝ። ሮለር የምናጥብበት ፈሳሽ ደረት ስለሚጎዳ ማስክ ይደረግ ይላል ደንቡ፤ ግራና ቀኝ ማጣሪያ ያለው፣ ሰውን ዝንብ የሚያስመስል ማስክ። አለቃችን ለደንብ ያለው አክብሮት ወደር የለውም። ማስኮቹን ከነላስቲካቸው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አቧራ እንኳ አያስነካቸውም። የሚወርዱት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪዋ መኪና በር ላይ ሲቆም ነው። ጠራዧ ብቻ አንዱን አውርዳ የመርፌና የክር ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

በቀደም ታዲያ ተቆጣጣሪዋ በእግሯ መጣች። እኛ መኪና ስንጠብቅ ሴትዮዋ ከጀርባችን ቆማለች። እኔ ተደናግጬ የጠራዧን ማስክ ባጠልቅ ክሩ አፍንጫዬ ላይ ተተረተረ። ሴትዮዋ ፈገግም አላለች። ትክክለኛውን አስደርጋኝ፣ አየር ያስገባ እንደሆነ ለመፈተን ራሴ ላይ እንደ ከረጢት ያለ ነገር ደፍታ መራራ ጭጋግ ረጨችበት። መረረህ ወይ ስትለኝ፣ እንደ ኮሶ አልኳት። ለካ አየሩ በጢሜ መሃል ሾልኮ እየገባ ኖሯል። ወይ ጢሙ ይሂድ ወይ አንተ ከማሽኑ ተነሥተህ ወረቀት ማጠፍ ጀምር ብላ ፈረደች። አለቃችንም ጢም ይበቅላል፣ ደንበኛ ግን አይበቅልም ብሎ ፍርዱን አጸና።

እኔም እጅ አልሰጥም ብዬ እርስዎን ምስክር ጠራሁ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ማስክ ያተሙ ሰው ናቸው አልኳት። ቤታችን ሰዓት አያስፈልገውም ነበር፤ የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሲስሉ እማዬ ምሳ ታወጣለች፣ እኔና እህቴ ሸሚዝዎን ለመቀበል እንሽቀዳደማለን፣ የቀለምና የቤንዚን ሽታውን ለማሽተት። ሳልዎን «የአታሚ ሳል» ብለነው፣ ስናድግ እንዲኖረን ከአልጋ ሥር ተደብቀን እንለማመድ ነበር። ይህን እያወራኋት ሳልዎ ናፈቀኝ፤ እሷም ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባትህ አሁንም ሮለር ያጥባሉ?»

«አዎ፣ በቤንዚን።»

«ሳል የሙያ ጌጥ አይደለም፣ ወንድሜ። ሐኪም ይያቸው።»

በማግስቱ ተላጨሁ። መስታወቱ ውስጥ የእርስዎን ፊት ስፈልግ የእማዬን አገጭ አገኘሁ። ማስኩ ልክክ አለ፤ ምሬቱም ቀረ። ከምሬቱ ጋር ግን ሽታው ሁሉ ጠፋ። ቀለሙ የለ፣ ቤንዚኑ የለ፣ እርስዎም የሉ። በለመድኩት ማሽን ፊት እንደ እንግዳ ቆምኩ። እጄ ማስኩን ትንሽ ገለጥ ሊያደርግ ተነሥቶ ነበር። እጄን መልሼ አወረድኩት።

አባባ፣ አሁን ወደ ዋናው መርዶ ልምጣ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለእርስዎም አንድ ማስክ ልኬያለሁ። ትርጉሙ ገብቶዎታል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚምልበት ጢምዎም ተራው ደርሷል። ከጢሙ በፊት ግን ደረትዎን ይታዩ። ደህና ነኝ ቢሉ እህቴ እንዳትሰማዎ ነግሬያታለሁ፤ እንደ ሙሽራ አጅባ ትወስድዎታለች። ማስኩንም አደራ፣ እንደ አለቃችን በግድግዳ ላይ እንዳያከብሩት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ ማለት ለእርስዎ አይሆንምና እህቴ ትሳምልኝ። እሷንም ባሏንም እንዴት ናችሁ ይበሉልኝ። ልጃቸው እርስዎን እያየ ሳል መለማመድ ጀምሮ እንደሆነ ጆሮውን ቆንጠጥ ያድርጉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ከማተሚያ ቤቱ ጓሮ፣ በምሳ ዕረፍት
ኅዳር 14 ቀን

ማረሚያ፦ ከላይ «ሳልዎ ናፈቀኝ» ተብሎ የወጣው በስሕተት ስለሆነ «እርስዎ ናፈቁኝ» ተብሎ ይነበብ። ሳሉ ተሰርዟል።