በበሩ የማይወጣው ቁም ሳጥን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? እንቅልፍህስ? ወገብህ ተሻለኝ ብለህ ነበር፤ የእውነት ተሽሎህ ነው ወይስ እማዬ እንዳትጨነቅ ብለህ? በሰዓቱ ትበላለህ? ሲበርድ ትደርባለህ? ካልሲህን ማን ይጠግንልሃል? እነዚህን ሁሉ እማዬ ናት አጠገቤ ቁጭ ብላ ያስጻፈችኝ። የእኔ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የምታበሽቀው ሰው አግኝተሃል? ካላገኘህ አዝንልሃለሁ፤ እንደ እኔ ያለች እህት በየአገሩ አትገኝም።

እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዝናብ ሲመጣ ከሬዲዮ ቀድሞ ይናገራል። ጋሼ አንቀጽም፣ ምን ይሆናሉ፣ ደህና ናቸው። አባዬም ደህና ነው። ስለ እሱ ግን ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ እማዬ ወደ ጓዳ እስክትገባ ስጠብቅ ነበር፣ አሁን ገባች።

በደወልክ ቁጥር አባዬ ለምን ስልኩን እንደማይቀበል ጠይቀኸኝ «እጁ ሙጫ ነው» እያልኩ መለስኩልህ። አልዋሸሁህም፣ እጁ ሙጫ ነበር። ነገር ግን ስልክ ሲጮህ ሮጦ ሄዶ ሙጫ የሚነካ አናጺ አይቼ አላውቅም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እንደሆነው ልንገርህ።

ከመሄድህ በፊት ለአናጺ ቤቱ ሠርተህ የተውክልን ድረ ገጽ አለ አይደል? አባዬ «ሰው ሳይቀመጥበት ወንበር እንዴት ይመርጣል» እያለ ሲያሾፍበት ቆይቶ፣ በኋላ ገዢ ሲመጣበት ለጎረቤት ሁሉ ሲያሳይ የከረመው። በእሱ አድራሻ አንድ ኢሜይል መጣ። የሥዕልና የፎቶ መብት አስከባሪዎች ነን ይላል። ድረ ገጻችሁ ላይ ከለጠፋችኋቸው ፎቶዎች አንዱ የእኛ ነው፣ ያለ ፈቃድ ወስዳችኋል፣ የቅጂ መብት ጥሳችኋል፣ ካሳ ካልከፈላችሁ ፍርድ ቤት እንገናኛለን፣ ፎቶውን ከዚህ ጋር አያይዘናል ይላል። ቋንቋው የተኮሳተረ ነው፤ ሳነበው ራሴ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

አባዬ ወዲያው ታላቅ ወንድሙን አስጠራ። ጋሼ አንቀጽን ታውቃቸዋለህ፤ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ በጎረቤት አጥር ጉዳይ ምስክር ሆነው ፍርድ ቤት ቆሙ፣ ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ አንቀጽ ይጠቅሳሉ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው ኢሜይሉን ከላይ እስከ ታች አነበቡና «የተያያዘውን ፎቶ ማንም እንዳይከፍት» ብለው ፈረዱ። «ከከፈታችሁት ተቀብላችኋል፤ ከተቀበላችሁት አምናችኋል፤ ካመናችሁ ደግሞ በቃ፣ አለቀላችሁ።» እንዲህ ሆነና የትኛው ፎቶ እንደሆነ ሳናይ ተከሰስን። በዓለም ላይ ሰረቀ የተባለውን ነገር ምንነት ሳይጠይቅ የሚንቀጠቀጥ ቤተሰብ ቢኖር የእኛ ነው።

እኔ እንኳ «ፎቶዎቹን ወንድሜ ራሱ ነው ያነሳቸው፣ በርጩማ ላይ ወጥቶ ሲያነሳ አይቼዋለሁ» ብዬ ነበር። ጋሼ አንቀጽ ልጅ ምስክር አይሆንም አሉ። አባዬ ደግሞ ቀስ ብሎ «ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ ሰውን ሌባ አይልም» አለ። እሱ ራሱ ሳያረጋግጥ ሰው አይወቅስም፤ ስለዚህ ዓለም ሁሉ እንደሱ ይመስለዋል። ሲቀጥል ድምፁ ወረደ። «ልጁ ሊሄድ ሲል ችኮላ ላይ ነበር። ለእኛ ደስ ይበላቸው ብሎ ከየትም አምጥቶ ለጥፎት ይሆናል።»

ወንድሜ፣ በዚያች ቅጽበት ሌባ የሆንከው እንዲህ ነው።

የአባዬን ጠባይ አትረሳውም። አንዲት ደንበኛ ከእሳት የወረደ ድስት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ አቃጥላው ስትመጣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቫርኒሹን አላጠነከርኩትም» ብሎ በነጻ ያደሰላት ሰው ነው። ይቅርታ ማለት ለእሱ እንደ ማስነጠስ ነው፤ አቧራው ከየትም ይምጣ እሱ ያስነጥሳል። እዚያው ቁጭ ብሎ መልስ አስጻፈኝ። «ልጃችን ባለማወቅ ያደረገው ነው። ስለ እሱ ጥፋት እኔ አባቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ» የሚል። ጋሼ አንቀጽ «ከአክብሮት ጋር» የምትል ጨመሩበትና ላክነው።

ይህ ሳያንስ ደግሞ፣ የትኛው እንደሆነ ካላወቅን ሁሉም ይጥፋ ተባለ። አባዬ እኔ እንድሰርዝ አልፈቀደም፤ የት እንደሚጫን ብቻ አሳይቼው ራሱ በዚያ በወፍራም ጣቱ አንድ በአንድ ያጠፋቸው ጀመር። የሕፃን አልጋው ሄደ። ባለ ሦስት እግሩ ጠረጴዛ ሄደ። አያታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አዲሱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ ያን ጥርስ አልባ አፋቸውን ከፍተው የሚስቁበት ላይ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በቀር ሲስቁ የተነሱት ፎቶ እንደሌለን ታውቃለህ፤ ሌሎቹ ላይ ሁሉ መታወቂያ እንደሚያወጡ ተኮሳትረዋል። ጋሼ አንቀጽ ከኋላው «ማን ያውቃል፣ ምናልባት እሱ ይሆናል» አሉ። አባዬ ተጫነው።

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አፌ መቃብር እስክገባ እንደማያርፍ እማዬ ስትራገም የኖረችብኝ ልጅ፣ ያን ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ይቅርታችን ምን አመጣ መሰለህ፤ ሌላ ኢሜይል። ጥፋታችሁን ስላመናችሁ ካሳው ጨምሯል፣ ጊዜውም አጥሯል የሚል። አባዬ ማንንም ሳያማክር ለመላጊያ ማሽኑ ገዢ ጠራ። አያታችን የገዙት፣ ሲነሳ ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ማሽን። ሰውዬው መጥቶ በሬ እንደሚገዛ ጥርሱን እየደባበሰ ሲዞረው አላስችል አለኝና መንገዱን ተሻግሬ ፎቶ አንሺዋ ጋ ገባሁ። አዲስ ናት፣ አታውቃትም፤ ልብስ ሰፊው ሱቅ አጠገብ ፎቶ ቤት የከፈተች ጎበዝ ሴት ናት።

ኢሜይሉን ሳሳያት ሳቀች። ልብስ ሰፊውም ዳቦ ቤቱም ይኸው ደርሷቸዋል፤ የአንድ እናት ልጆች ይመስል ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። «ልክ ከሆኑ ፎቶውን ማን፣ መቼ፣ የት እንዳነሳው ይናገራሉ። እነዚህ የሚያውቁት ማስፈራራት ብቻ ነው» አለችኝ። ቀጥላም «ለመሆኑ ፎቶው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላየነውም ስላት ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። በጋሼ አንቀጽ ፈንታ እኔ አፈርኩ። ከዚያ በራሷ ኮምፒዩተር በጥንቃቄ ከፈተችው።

ቁም ሳጥኑ ነበር። ያ ቁም ሳጥን! አባዬ ለሙሽሮቹ የሠራው፣ የሙሽሪትን ግድግዳ በክንድም በሜትርም ለክቶ የገዛ ቤቱን በር መለካት የረሳው፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ወደ ጎን ቢሉት፣ ቢያጋድሙት፣ ቢገለብጡት በበሩ አልወጣም ብሎ እስከ ዛሬ ተገትሮ የቀረው። አባዬ «ፈታትቼ ከማወጣው እዚሁ እንሙት» ያለው ቁም ሳጥን። ከተወለደበት ክፍል ወጥቶ አያውቅም፤ እነዚያ ሰዎች በምን ተአምር ነው ያነሱት?

በዚያ ላይ የቁም ሳጥኑን መስታወት አየሁት። አንተ አለህበት። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ ምላስህን በጥርስህ ነክሰህ፣ ያን የተሰነጠቀ ስልክህን ወደ ላይ ይዘህ በርጩማው ላይ ቆመሃል። ከሥርህ የእኔ ባዶ እግር ይታያል፤ በርጩማውን ላነቃንቅብህ እየተዘጋጀሁ ነበር።

ፎቶውን አሳትማልኝ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አባዬ መነጽሩ ላይ ያለውን ሰጋቱራ በሸሚዙ ጠርጎ አየው። ቀና ብሎ ቁም ሳጥኑን አየ። ተመልሶ ወረቀቱን አየ። ጋሼ አንቀጽ ጉሮሯቸውን ጠርገው «በአንቀጽ…» ሲሉ «ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ አንቀጹ ይቆየን» አላቸው። በሕይወቴ አባዬ ታላቁን ሲያቋርጥ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ገዢውን «ላደከምኩህ ይቅርታ፣ ማሽኑ አይሸጥም» ብሎ ሸኘው። ይቅርታዋን አልተዋትም።

እኔና ፎቶ አንሺዋ መልስ ጻፍን። ፎቶው የእናንተ ከሆነ ዋናውን ላኩልን፣ ቁም ሳጥኑ አሁን የት እንዳለ ንገሩን፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ ጻፉልን አልን። እስካሁን ድምፃቸው የለም። ጋሼ አንቀጽ ግን ድምፃቸው አለ፤ ከመጀመሪያው ሸትቶኝ ነበር እያሉ በየበሩ ያወራሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አለች እማዬ፣ እሳቸው በሌሉበት።

አሁን ድረ ገጹ ላይ ፎቶ የነበረበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ነው። ፎቶ አንሺዋ ብዙ ደከመች፤ የጠፋው ሊመለስ አልቻለም። ያነሳህበት ስልክ መንገድ ላይ እንደጠፋብህ ጽፈህልን ነበር። ምናልባት የአያታችንን ለሆነ ሰው ልከህ ከነበረ፣ እባክህ አስታውስ። ካንተ ፎቶዎች ሁሉ የቀረን አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያቆዩልን እነዚያ አጭበርባሪዎች ናቸው። ምስጋና ልጻፍላቸው ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ባለፈው ስትደውል አባዬ አሁንም እጁ ሙጫ ነበር። እንዳትቀየመው፤ የአሁኑ ሙጫ የጥርጣሬ አይደለም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ለማታውቀው ሰው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይቅርታ ጽፈህ፣ ለልጅህ አንዲት ቃል ታጣለህ? ያንኑ ገልብጠህ ብትልክለትስ» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም። «ለማያውቁት ሰው ይቀላል» አለኝና ብርጭቆ ወረቀቱን አንስቶ የለሰለሰ ጣውላ እንደገና ያለሰልስ ጀመር።

ከትናንት በስቲያ አንድ ባለጸጋ መጣ። ቁም ሳጥኑን ወደደው። በሩ ይጠባል ብንለው በራሴ ኪሳራ በሩን አስፈርሼ አስገንብቼ እወስደዋለሁ አለ። አባዬ እንዲህ ያለ ሞኝ ይመጣ ዘንድ ስንት ዓመት እንደጸለየ ታውቃለህ። መስታወቱን በክርኑ ወልወል እያደረገ «ተይዟል» አለው። ማን ያዘው ሲለው «ባለቤቱ ሩቅ ነው ያለው» አለና ሥራውን ቀጠለ።

እንግዲህ ሰላምታ። እማዬ አንገትህን አቅፋ ደጋግማ ትስምሃለች፤ ስለ ካልሲው መልስ ትፈልጋለች። ጋሼ አንቀጽ «ከአክብሮት ጋር» ይሉሃል። ድመቷ ወልዳለች፤ ልጆቿን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው ያስቀመጠችው፣ እነሱም ሰላም ብለውሃል። ፎቶ አንሺዋ ደግሞ ያን ምላስ የነከሰውን ልጅ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ሁለቴ ነው ያለችው፣ ልብ በል።

አባዬ ሰላም ብሎሃል ብዬ አልዋሽህም፤ አላለም። ግን ዛሬ ጠዋት በየትኛው ቀን እንደምትደውል ጠየቀኝ። እሁድ አልኩት። ወጣ ብሎ ያን ሙጫ የሚያስለቅቅ ሳሙና ገዝቶ ገባ፤ መታጠቢያው ጋ አላኖረውም፣ ስልኩ አጠገብ ነው ያስቀመጠው።

የማታርፈው እህትህ

ከአናጺ ቤቱ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር
ዓርብ፣ ሰኔ 7 ቀን