የከሚሴ ፓውዛና የእኔ ዱዓ

ውድ ምናሴ፦ የከሚሴን ስታዲየም ፓውዛዎች ፈትሼ ልረከብ መጥቼ ሼህ ሆኜልህ አረፍኩት! አመሻሹ ላይ የብርሃን መለኪያዬን በመዳፌ ይዤ፣ በየጥቂት እርምጃው እየቆምኩ እጄን ዘርግቼ ሽቅብ ሳይ፣ ዱዓ የማደርግ መስሏቸው ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ ተከተለኝ። በቆምኩ ቁጥር «አሚን!» እኛ ሐዋሳ ቢሆን «ውጣ ከሜዳው!» ነበር የምባለው። ጥግ ላይ ስደርስ «እዚህ ጋ ብርሃኑ ይጎድላል፤ አልፈርምም» ብዬ ሳጉረመርም፣ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ «አላህ ይሙላው!» አሉ። አንዱን ፓውዛ ወደ ጥጉ አዙረን ብለካው ሞላ፤ ፈረምኩ። እልልታው! ነገ ለጨፋ ሜዳ ማሽላ ዝናብ እንድለምን ቀጥረውኛል፤ መለኪያ ነው ብል የሚሰማኝ ጠፋ። የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ለእማዬ «ጸሎት ሳያልቅ የሚጎርሰው ልጅሽ ሰላም ብሎሻል» በልልኝ። ጃንጥላዬን ግን በመኪና ላክልኝ፤ ማን ያውቃል።

ያንተው አቤኔዘር