ጨው የሌለበት ቆሎ

ውድ ጋሼ ኃይለመስቀል፣

እትዬ ሸዋረግና ልጆቹ እንዴት ናቸው? ገብሱስ ገባ? ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ጣለ ሲባል ሰምቼ ስለ ማሳው ሳስብ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ለወጉ ያህል አይደለም፤ እውነት ደህና ነኝ። ብዕር ያነሣሁትም እንዴት ደህና እንደሆንኩ ልነግርዎ ነው። በስልክ ሞክሬ ነበር። ዘመሮ ላይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ስንገናኝም እርስዎ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብቻ ይሉኛል፣ እኔን እንባዬ ይቀድመኛል። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

በጥቅምት የመጡ ጊዜ ያዩት ነገር እስካሁን እንቅልፍ እንደሚነሣዎ አውቃለሁ። ለኩላሊት እጥበት ስተኛ ከጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደሜ በአንዱ ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ታጥቦ፣ በሌላኛው ሲመለስ በዓይንዎ ይከተሉት ነበር። እጥበቱ ሊያልቅ ሲቃረብ ማዛጋት ጀመርኩ። ባቴን ቁርጠት ያዘኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ ከዚያ ፊትዎ ከዓይኔ ጠፋ። ነርሷ አመተሥላሴ ሮጣ መጥታ ራሴን ዝቅ፣ እግሬን ከፍ ስታደርግ የመጨረሻ የሰማሁት የእርስዎን ጩኸት ነው።

«ደሟን ጨረሳችሁት! ንቀሉላት! ንቀሉላት እላለሁ!»

ስነቃ ዘበኛው ወደ ውጭ አውጥቶዎት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ጉለሌ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ጋቢዎን እንደ ለበሱ ቆመው «ተነሺ፣ እንሂድ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«ወዳገርሽ ነዋ! ጠበሉም እዚያው አለ። መሞትም ካለ በወገንሽ መሃል ይሁን። ያሳደግኋትን ልጅ ማሽን ሲጨርሳት ቁጭ ብዬ አላይም።»

«ጋሼ፣ እስካሁን ያቆየኝ እኮ ማሽኑ ነው።»

«ትናንት ያየሁት ማቆየት ነው?»

 ለምን ራሴን እንደምስት ያኔ እኔም አላውቅም ነበር። «አልሄድም» ብቻ አልኩዎ። እናታችን ካረፈች ወዲህ፣ እርስዎ እንደ አባት ከያዙኝ ጀምሮ፣ እምቢ ብዬዎ አላውቅም ነበር። ሳይስሙኝ ወጡ። እንዲያ ተቆጥተው እንኳ ያመጡልኝን የቆሎ ስልቻ ከበሩ ሥር አስቀምጠውልኝ ነበር።

ጋሼ፣ አሁን የምጽፈው ከባዱ ነው፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ያን ቆሎ ሰስቼ በላሁት። የቤቱ፣ የገብሱ፣ የእትዬ ሸዋረግ እጅ ሽታ ነበረው። አንድ እፍኝ ስቆረጥም ዘመሮ የደረስኩ ይመስለኛል። ከዚያ ይጠማኛል፤ እጠጣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እጥበት ላይ እንደገና ራሴን ሳትኩ። ስነቃ ዶክተር እሱባለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ጽናት፣ አብጠሽ ነው የምትመጪው» አለኝ። «ኩላሊትሽ ስለማይሠራ የጠጣሽው ሁሉ ሰውነትሽ ውስጥ ይጠራቀማል። ያን ሁሉ ውሃ ማሽኑ በጥቂት ሰዓት ሲስበው ደም ሥርሽ ይጎድላል፤ ግፊትሽ የሚወርደው ለዚህ ነው። ምንድነው እንዲህ የሚያስጠማሽ? ጨው ትበያለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ! ወጤ ሁሉ ያለ ጨው ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ… ቆሎ ነው።» ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጥቂት ቆረጠመና ፊቱን አጨማደደ።

«ይሄማ በጨው ውሃ የታሸ ነው!»

አፈርኩ፤ ለእርስዎም አዘንኩ። ሲታሽ እያየሁ አድጌ፣ ጨው መሆኑ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ለእኔ የወንድሜ ቆሎ ነበር እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። ዶክተሩ ሌላም ነገር አገኘ። የግፊት መድኃኒቴን በእጥበቱ ቀን በጠዋት እየዋጥኩ ስለምመጣ፣ እሱም በበኩሉ ግፊቴን ያወርደው ኖሯል። ከእጥበት በኋላ እንድውጠው አደረገኝ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ያን ዕለት ግፊቴ ወርዶ ስለቆየ ደሜ ግራ እጄ ላይ ረጋ። ግራ እጄን ያስታውሳሉ፤ ደም ሥሮቼን በኦፕሬሽን ያገናኙበት፣ መርፌው የሚገባበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ጆሮ ሲያስጠጉበት ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ ይጮኻል። ሁልጊዜ ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አዳምጠዋለሁ። በማግሥቱ ሳዳምጥ ዝም አለ። ትራሱ ይሆናል ብዬ ቀና ብዬ ደገምኩት፤ ዝም። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ምንም የለም።

የፈራሁትን ያህል ፈራሁ፤ ቁጭ ብዬ ግን አላለቀስኩም። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ቁርሴን ሳልቀምስ ታክሲ ያዝኩ። አመተሥላሴ ገና ጋዋኗን እየለበሰች ደረስኩባት። እጄን ዳሰሰች።

«ቆሟል» አለችኝ። «ግን ቶሎ መጥተሻል። ነገ ብለሽ ቢሆን ይሄ እጅ አብቅቶለት ነበር።»

ከሰዓት በፊት ኦፕሬሽን ክፍል አስገቡኝ፤ ቀደው የረጋውን ደም አወጡ። ከዚያ ሲያስወጡኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ክንዴን ወደ ጆሮዬ ማስጠጋት ነው። ይሮጣል ጋሼ! የክረምት ወንዝ ይመስል ይሮጣል! ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ የጎረቤት አልጋዋ ሴትዮም ምክንያቱን ሳታውቅ አብራኝ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስቼ አላውቅም። ውሃዬን በፍንጃል ነው የምጠጣው፤ ሲብስብኝ ተጉመጥሙጬ እተፋለሁ። የበግ ጠጉር ባና መሸጡንም ጀምሬያለሁ፤ ከመሐል ሜዳ ገበያ የሚላክልኝን ጥቅል ሌላ ሰው ይሸከምልኛል፣ እኔ ጨርቁን ዘርግቼ ከገዢ ጋር እከራከራለሁ። ክርክሩ እንኳ አልደከመኝም፣ ያውቁኛል።

እትዬ ሸዋረግን አይቆጧት። ቆሎውንም እንዳያስቀሩብኝ፤ ጨው ሳይነካው ቆልታ ትላክልኝ፣ አንድ አንድ እፍኝ እንድቀምስ ዶክተሩ ፈቅዶልኛል። ጠበሉንም አልተውኩትም፤ እጠመቃለሁ፣ ለመጠጡ ግን ጠብታ ይበቃኛል። ቄሱም «እግዚአብሔር በጠብታም ያድናል» ብለውኛል።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። በጥር ለዓለሚቱ ሠርግ እመጣለሁ። ልጅዎን እኔ ሳልድራት ማን ይድራታል? ቅዳሜ ታጥቤ እሑድ ማለዳ እሳፈራለሁ፤ ሰኞ ሠርጉን እውላለሁ። ጠላ ቅመሺ የሚለኝን ሁሉ እርስዎ ይመልሱልኝ። በግራ እጄም ማንም እንዳይጎትተኝ፣ ልጅቱን አቅፌ የምጨፍረው በቀኜ ነው።

ረቡዕ ደግሞ እጥበት አለኝ። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ዘመዱ ሁሉ «ወዴት ትሄጃለሽ፣ እዚሁ ቅሪ» ሲለኝ፣ ከመካከላቸው ተነሥተው «ተዉአት፣ ሥራ አላት» ይበሉልኝ። እስከ አውቶቡሱ ይሸኙኝና በገዛ እጅዎ ያሳፍሩኝ። ያን ጊዜ ስመው ይላኩኝ።

እስከዚያው እግዚአብሔር ሁላችሁንም ይጠብቅልኝ።

የምትወድዎና የምታከብርዎ እህትዎ
ጽናት
ከጉለሌ፣ ታኅሣሥ 2007 ዓ.ም.