በኩባንያው ፋንታ እደጄ ስለታሰረው በሬ

ለ«ሽው» የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጎረቤቴን እጅጉን ከዋስነት እንዲያወርዱት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የሸጣችሁልኝ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ቆማለች፤ ቢሯችሁ ተዘግቷል፤ በእናንተ ፋንታ ጎረቤቴ እጅጉ የገዛ በሬውን አምጥቶ እደጄ አስሯል። በደሉ ይኸው ነው። በደሉን ከሰላምታው ያስቀደምሁት፣ ደብዳቤ የሚያነብልዎ ሰው እስከ መጨረሻው የሚታገሥ መሆኑን ስላላወቅሁ ነው። አሁን ሰላምታዬን ላቅርብ፤ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልክ ለማያነሡት ሠራተኞችዎ ሁሉ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ በተለይ ለጆሯቸው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል፤ ሣሩም እርሻው ላይ ሳይቀር በቅሏል። እርሻ ላይ ለምን ሣር እንደበቀለ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

ክንዱ ዘሩ እባላለሁ፤ ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ባለ መንደር የምኖር ገበሬ ነኝ። ተማሪ ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ነው፤ የቀረውን እጄ የገባውን ወረቀት ሁሉ እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስሕተት ቢገኝ የኔ ነው፤ በመምህር አላሳብብም፤ በኔትወርክም አላሳብብም።

ሳልመዝን የገዛሁ እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። የማርስባቸውን ሁለት በሬዎች የሸጥሁት ጉልበቴ ከማረሻ ኋላ መሄድ ስላቃተው ነው። ልጄ ይታገሱ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ሰውና በርበሬ ቢያመላልስ፣ በሚያገኘው መሬታችንን በኪራይ በሬ እናሳርሳለን ብለን ከባለቤቴ ከአልጣሽ ጋር መከርን። ቤንዚን በላስቲክ ጠርሙስ ተደብቆ በሚሸጥበት መንገድ ላይ ከግድግዳ ሶኬት ጠጥታ የምታድር ተሽከርካሪ መጣች ሲባል ደስ አለን። ያም ሆኖ ወኪላችሁ ፍኖተ ሰላም ላይ ድንኳን ተክሎ ሙዚቃ ሲያስጮህ አልቸኮልሁም። በሬ እንደሚገዛ ሰው ዞርኋት፤ ጎማዋን ረገጥሁ፤ ጎንበስ ብዬ ሆዷን አየሁ፤ የበርበሬ ኬሻ አስጭኜ ዳገት አስወጣኋት፤ ጭቃ ውስጥ አስነዳኋት። መብራት ሲጠፋ ምን ትበላለች ብዬ ጠየቅሁ። ባትሪዋ ሲያረጅ ማን ይለውጥልኛል ብዬ ጠየቅሁ። ወኪላችሁ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ትሑት ልጅ፣ ለሁሉም መልስ ነበረው፤ አንዳንዱን እንዲያውም ጥያቄዬን ሳልጨርስ መልሶልኛል።

በመጨረሻ የጠየቅሁት፣ ኩባንያችሁ ገና ትናንት የተወለደ ነው፤ ነገ ብትጠፉ ማንን እይዛለሁ የሚል ነበር። ልጁ ሣቀ። ያን ሣቅ አልረሳሁትም፤ ተመልሶ ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ አስቀምጬለታለሁ።

እንግዲህ አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፤ ተሽከርካሪዋ ከዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ጋር በኔትወርክ ካልተገናኘች ራሷን እንደምትቆልፍ አልተነገረኝም። እኔ የገዛሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ በየጊዜው አዲስ አበባ ደውላ ፈቃድ ትጠይቅ ኖሯል። በእኛ አገር ኔትወርክ እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ሲሄድ የሄደበትን አይነግረንም። ባለፈው በጋ ሲጠፋ እሷም አብራ ጠፋች። ይታገሱ ተሳፋሪ እንደጫነ ወደ ማንኩሳ መታጠፊያው ላይ ቆመች። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ሴት ወርዳ ገፍታ ገፍታ ሲደክማት፣ በእግሬ ብመጣ ኖሮ ብቻዬን በደረስሁ፤ አሁን እኮ መኪና ይዤ ነው የምሄደው ብላ መንገደኛውን ሁሉ አሳቀችው። ኔትወርኩ ሲመለስ ግን እናንተ አልተመለሳችሁም፤ ፈቃድ የሚሰጣት አጥታ እንደተቆለፈች ቀረች። ቡሬ ያለው መካኒክ አብዱረህማን አየና፣ አባባ፣ ይህችን ብከፍታት ቁልፏን የያዘው ሰው እዚህ የለም፤ የማላውቀውን ነክቼ ከማበላሽብዎ ይውሰዷት አለኝ። አንድም ሳንቲም አልተቀበለኝም። በጭነት መኪና አስጭኜ ወሰድኋት።

ለአንድ ነገር ግን ከልብ አመሰግናለሁ። ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም ብላችሁ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ሆኗል። ከግቢዬ ጥግ ቆማ ድምፅ አሰምታ፣ ጭስ አውጥታ አታውቅም። ዶሮዎቼ ቆጣቸውን ትተው በኋላ ወንበሯ ላይ ያድራሉ። ወንበሩ ምቹ ነው ያላችሁትንም እነሱ መስክረዋል።

ሁለተኛውና ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ነገር ዋስነቱ ነው። እርስዎ የከተማ ሰው ስለሆኑ ከሥሩ ላስረዳ። በቡሬ ገበያ በሬ የሚሸጥ ሰው፣ በሬው የስርቆት እንዳልሆነና ጥማድ ላይ እንደማይተኛ የሚመልስለት አንድ የታወቀ ሰው በዋስነት ያቆማል። በሬው የተኛ እንደሆነ ገዥው ሻጩን ፍለጋ አገር ለአገር አይዞርም፤ ወደ ዋሱ ቤት ይሄዳል። ዋሱም ይከፍላል። ስለዚህ ያን ቀን ድንኳናችሁ ፊት ለፊት ቆሜ፣ ዋስ ካላቆማችሁ አልገዛም አልሁ። ልጁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀት ቤት የለውም፤ ሌሊት ሄጄ በሩን አላንኳኳበትም ብዬ መለስሁለት። ልጁ የምሬን መሆኑን ሲያይ ከሰው መሀል ዋስ ይፈልግ ጀመር። አንዱ ጫማውን አየ፤ አንዱ ሰማዩን አየ፤ ሰዉ ሁሉ በድንገት ሥራ በዛበት። እኔም ወደ ቤቴ ልመለስ ፊቴን አዞርሁ።

ይህን ጊዜ ነው አብሮ አደጌ እጅጉ የተናገረው። የመጣው ሊገዛ አልነበረም፤ ብቻዬን እንዳልሄድ ሊያጅበኝ ነበር። እነዚህ ልጆች የእናታቸውን ቤት ትተው እኛ አገር የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ሰው ፊት የሚቆምላቸው አጥተው አፍረው አይመለሱ፤ ዋሳቸው እኔ ነኝ አለ። ኩባንያ ምን እንደሆነ አያውቅም። ባትሪ የሚያውቀው የእጅ መብራቱን ነው። የቆመው ለተሽከርካሪዋ አልነበረም፤ ለልጁ ፊት ነበር። እኔም እሱ ዋስ ከሆነ ሌላ ምን እጠይቃለሁ ብዬ ገዛሁ። ወኪላችሁ እንደ ቀልድ ቆጥሮት እጅጉን አቅፎ ፎቶ ተነሣ።

ተሽከርካሪዋ ስትቆም እኔ ወደ እጅጉ ቤት አልሄድሁም። ስሙንም አላነሣሁም። እሱ ግን ዶሮዎቹ ወንበሩ ላይ መስፈራቸውን ከአጥሩ ማዶ አይቶ ኖሮ፣ አንድ ጠዋት ዳለቻ በሬውን ስቦ መጣና እግቢዬ ካለው ግራር ላይ አሰረው። ተው፣ አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል ወይ አልሁት። ዋስ ነኝ ብዬ ነበር፤ ነኝ አለና ሄደ። በማግሥቱ በሬውን መልሼ እሱ ደጅ አሰርሁት። ከሰዓት በኋላ ይዞት መጣ። እንዲህ ስንመላለስ ሰነበትን፤ በመጨረሻ በሬውን መልሼ ብወስድበት ቃልህ ከቃል አይቆጠርም ማለቴ እንደሚሆን ገባኝና ተውሁት። ብቀበለው ደግሞ ያልበደለኝን ሰው መዝረፌ ነው። ስለዚህ ሣር አጭድለታለሁ፤ ውኃ አጠጣዋለሁ፤ ቀንበር ግን አላስነካውም።

አሁን የእጅጉ አንድ በሬ እሱ ቤት፣ አንድ በሬ እኔ ቤት ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። አልጣሽና የእጅጉ ባለቤት ደስታነሽ ሁለቱን በሬዎች ጥመዱና የሁለታችሁንም መሬት እረሱ፤ ኩባንያውን እግዜር ይየው ሲሉ ተናግረውናል። ደስታነሽማ፣ ሁለታችሁ እዚያ ግራር ላይ ታስራችሁ በሬው ቢፈታ ይሻል ነበር ብላለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን እኔ የሰው በሬ አላርስበትም፤ እሱም የሰጠውን አይወስድም። በሁለታችንም እርሻ ላይ ሣር የበቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ይታገሱ ቡሬ ወርዶ የቀን ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛ፤ ያ ፎቶ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቢሯችሁ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ሲሄድ ፎቶው በሩ ላይ ቀርቷል። እጅጉ ጋቢውን ደርቦ፣ ወኪላችሁ ትከሻው ላይ እጁን ጥሎ፣ ከሥሩ በትልቅ ፊደል አባባ እጅጉ ዋሳችን ናቸው የሚል ተጽፎበታል። ጽሑፉ ከኩባንያችሁ የተረፈ ብቸኛ እውነት ነው። ስልካችሁ የማይነሣለት ሁሉ መጥቶ የሚያገኘው ይህን ፎቶ ነው። ከመራዊ አንድ ሰው እየጠየቀ እጅጉ ቤት ደረሰ። እጅጉ አስገብቶ እህል ካስቀመሰው በኋላ የቀረውን አንዱን በሬ ይፈታ ጀመር። ሰውዬው የቤቱን ክዳን አየ፤ ደስታነሽን አየ፤ ገመዱን መልሶ እጅጉ እጅ ላይ ጥሎ ወጣ። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አይቻለሁ። መግባት አልቻልሁም። ገብቼ ምን እላለሁ?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ከበሬው የከፋውን ልንገርዎ። እጅጉ በአካባቢያችን የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነበር። በወሰን የተጣሉ ወንድማማቾች እሱ እዚህ ላይ ነው ካለ እዚያ ላይ ነበር የሚያበቃው። በቀደም ለእርቅ ሲጠሩት፣ ዋስነቱ የወደቀበት ሰው ቃል ነገር አይቋጭም፤ ሌላ ፈልጉ ብሎ መለሳቸው። በማኅበራችንም ከኔ አጠገብ ይቀመጥ የነበረው ሰውዬ አሁን በሩ ሥር ይቀመጣል፤ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ስንገናኝ ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ እንደማይተዋወቁ መንገደኞች፣ ባርኔጣ ነካ አድርገን። ከእረኝነታችን ጀምሮ እንዲህ ሆነን አናውቅም።

እኔ ገንዘቤን አልጠየቅሁም። ተሽከርካሪዋንም ዶሮዎቹ ለምደዋታል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ ወይም የላኩት ሰው፣ ያ የሣቀው ልጅም ቢሆን፣ መጥቶ ሰው በተሰበሰበበት፣ አባቴ፣ ያጠፋነው እኛ ነን፤ እርስዎ ከዋስነት ወርደዋል ብሎ ይንገረው። አንድ ትንፋሽ የማይሞላ ንግግር ነው። ከዚህ ሌላ የሚያወርደው ነገር የለም፤ እኔ ወርደሃል ብዬ ብነግረው አይሰማኝም፤ ካህኑም ነግረውት አልሰማም። ዋስን የሚያወርደው ዋስ የተሆነለት ሰው ራሱ ነው። ፎቶውን እኔው ልገነጥለው ሄጄ ነበር፤ እጄን ስዘረጋ እጅጉን ከሰው ፊት ያስወጣሁት መሰለኝና ተመለስሁ። እሱንም እናንተው አውርዱት።

የጤፍ መዝሪያ ጊዜ ጥቂት ቀርቶታል። ያኔ ካልመጣችሁ በሬዎቹ እየሰቡ፣ እኛ እየከሳን ክረምቱ ይወጣል። እንደምትመጡ እርግጠኛ ነኝ አልልም። በዚህ ዕድሜዬ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር ጥቂት ነው፤ እናንተ ከነዚያ መካከል አይደላችሁም።

ለሰጣችሁን ትምህርት፣ ላሳያችሁን ሥልጣኔ፣ እንዲሁም ጎረቤቴ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አስቀድሜ ባውቅም ዳግም ላስመሰከራችሁልኝ ትጋታችሁ እጅ እየነሣሁ፣ ባትሪያችሁ እንዳይደክም፣ መንገዳችሁ ሁሉ ቁልቁለት እንዲሆንላችሁ እየተመኘሁ፣ ያለ ምንም ተስፋና ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣

ክንዱ ዘሩ
የተሽከርካሪ ባለቤት፣ በሬ የሌለው ገበሬ

ግልባጭ፦
ለተዘጋው የፍኖተ ሰላም ቢሯችሁ በር፣ ከፎቶው ጎን እንዲለጠፍ
ይህን ለሚያነብ መንገደኛ ሁሉ፣ ወደ እጅጉ ቤት እንዳይሄድ ተለምኖ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልፈርም ስልኬ ጮኸና ከኩባንያዎ መልእክት ገባ። ሰዎቻችሁ ቢጠፉም መልእክታችሁ ሳይቆም መሥራቱ ያስመሰግናችኋል። ውድ ደንበኛችን፣ ጎረቤትዎን ያስተዋውቁን፣ ስጦታም ያግኙ ይላል። ጎረቤቴን አንድ ጊዜ አስተዋውቄያችኋለሁ። ስጦታውም ደርሶኛል፤ ግራሩ ሥር ተኝቶ ያመነዥካል። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚነሣው የእናንተ ስም አይደለም፤ የእጅጉ ስም ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ገበያ ላይ ቢጠይቁኝ፣ ማኅበር ላይ ቢጠይቁኝ፣ እርስዎ ራስዎ መጥተው ቢጠይቁኝ፣ ስለዚህ ጉዳይ አልናገርም። ከመጡ የሚያናግሩት እጅጉን ነው።