ሐይቅህ ታየ፣ ታዴ

ውድ ባለቤቴ ታዴ፣

ጥለኸኝ ከሄድክ ይኸው አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነህ። እንደምን አለህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም አትመልስልኝም። እኔ ግን ደህና ነኝ። እንዲያውም ደስታዬ ከልክ አልፎ መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ስለወጋኝ፣ የስፌት መኪናዬን ከድኜ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። ሐይቅህ ታየ፣ ታዴ! በዓይኔ በብረቱ አየሁት። እኔ ብቻም አይደለሁም፤ ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሉ ሳይቀሩ አዩት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ወሬ ከመሃል ስጀምር አትወድም። ልጃችን ሰላም ከቢታ ገነት ተዛውራ አሁን እዚሁ ቦንጋ ታስተምራለች፤ ያንተኑ ጂኦግራፊ። ቁጣዋም ያንተው ነው። የጓሮው አቮካዶ አፍርቷል። አያፈራም፣ ይቆረጥ ብዬ የተጣላንበት ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት ነካ፤ ለጎረቤት አድዬ አድዬ ሰለቸኝ። የቤቱ ጣሪያም ተጠግኗል፣ አያፈስም።

አሁን ወደ ኮረብታህ ልምጣ። ጡረታ የወጣህ ጊዜ፣ ሌላው ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ፣ አንተ ገጀራህን ይዘህ በሺሺንዳ መንገድ ትወጣ ነበር። ከአስፋልቱ ተነሥቶ በደኑ ውስጥ ወደ ኮረብታው አናት የሚወስደውን መንገድ ብቻህን መነጠርከው። ከታች እስከ ላይ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሦስት ቦታ የወደቀ ግንድ አስተካክለህ ማረፊያ አበጀህ። ጉልበቷን የሚያማት ሴት እንኳ ሳትቸገር ትወጣዋለች ትለኝ ነበር። ማንን ለማለት እንደፈለግክ መች ጠፋኝ! እኔ ግን ዳገት ለፍየል ነው እያልኩ አንድ ቀን ሳልወጣልህ ቀረሁ።

አናቱ ላይ ሲደረስ ከደኑ ባሻገር፣ መንገድ በማይደርስበት ቦታ፣ ሰፊ ሐይቅ ይታያል አልክ። ችግሩ ካንተ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። መምህራን ጓደኞችህን ይዘህ ወጣህ፤ ጉም። ጋሽ ኃይሉን ይዘህ ወጣህ፤ አሁንም ጉም። ጋሽ ኃይሉ ደግሞ ታውቃቸዋለህ፣ ሥጋ ቤታቸው ውስጥ ከሥጋው ይልቅ ወሬው ይበዛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈራችን ተስፋ ተሰጥቶበት የማይመጣ ነገር ሁሉ ስሙ «የታደሰ ሐይቅ» ሆነ። ውሃ ጠፍቶ ነገ ይመጣል ሲባል የታደሰ ሐይቅ ነው ይላሉ። መኪናው አሁን ይነሣል ሲባል የታደሰ ሐይቅ ነው ይላሉ። አንተም አብረህ ትስቅ ነበር።

ይባስ ብሎ ለቅሶህ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ወንበር ይመጣል ተብሎ ሲዘገይ አንዱ ከኋላዬ ይህንኑ አለ። አንተ ሞተህ ቀልዱ ሊኖር ነው እንግዲህ አልኩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ያስተማረ ሰው ስሙ በዚህ ሊነሣ!

ግን ምን አፍ አለኝ? በሰላም ሠርግ ማግስት ጋሽ ኃይሉ ያንን ወሬ ሲያወሩ ከሁሉ አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፤ ያውም በአማቾቻችን ፊት። አንተ መጀመሪያ ሳህንህን አየህ፣ ከዚያ ሳቅክ። ያችን አንገት መድፋትህን ስንት ጊዜ አስታወስኳት መሰለህ። ያንጀቴ እሳት እሷ ነበረች፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ከቱሪዝም መሥሪያ ቤት ብርቱካን የምትባል ወጣት ባለሙያ መጣች። ለእንግዳ የሚሆኑ አጫጭር የእግር መንገዶችን እየመዘገበች ነው። ሰላም የኮረብታውን መንገድ የጻፍክበትን ደብተርህን ሰጠቻት። ልጅቷ ትጉህ ናት፤ ሁለት ጊዜ በማለዳ ወጣች። ሁለቱንም ጊዜ ጉሙ የራሷን ጫማ እንኳ አላሳያትም። ከዚያ፣ ቤቴ ድረስ መጥታ፣ እትዬ አልማዝ መንገዱ በጣም ደስ ይላል፣ ነገር ግን ሐይቅ ይታያል ብዬ ያላየሁትን ሪፖርት ላይ መጻፍ አልችልም አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ትሞክራለች፤ ካልታየ ኮረብታው ከዝርዝሩ ይወጣል። እውነቷን ነው። ቀልዱ በማኅተም ሊጸድቅ ነው እንግዲህ!

በማግስቱ ሳጥንህን ከፈትኩ፤ ካፖርትህን ለተቸገረ ልሰጥ ነበር። ጫፉ አሁንም ጭቃው አለበት፤ ስንት ጊዜ አጥቤ እምቢ ያለኝ ጭቃ። እሱን እያየሁ ጭቅጭቃችን ትዝ አለኝ። በስብሰህ ስትመጣ፣ ሳንባህን ልትጨርሰው ነው፣ ደግሞ አጣቢዋ እኔ እያልኩ ስጮህብህ። አንተ ደግሞ ውሃ እየተንጠባጠብክ በሩ ላይ ቆመህ ዛሬ አየሁት ስትለኝ። እዚህ ላይ እጄ ቆመ። ታዴ፣ አየሁት ያልከኝ በስብሰህ በመጣህባቸው ቀኖች ነው! ደረቅ ሆነህ በገባህበት ቀን አንድም ጊዜ አየሁ ብለህ አታውቅም። ወይ ጉድ! ዝናብህን ሳጥብ ኖሬ ዝናቡን ልብ አላልኩትም።

እኛ አገር እንግዳ ያከበረ ሰው ዝናብ ሳይመጣበት በማለዳ ነው ይዞት የሚወጣው። አንተም እንግዶችህን አክብረህ በማለዳ፣ ጉሙ ደኑ ላይ በተኛበት ሰዓት ትወስዳቸዋለህ። ብቻህን ስትሆን ግን ከምሳ በኋላ ሄደህ ዝናብ ያገኝሃል፤ ዝናቡ ጉሙን አጥቦ ሲያወርደው ሐይቁ ይገለጥልሃል። ስለ ዝናብና ስለ ደመና ያን ሁሉ ዘመን ያስተማርክ ሰው ይህቺን ሳታውቃት ቀረህ! አይ አንተ! እዚህ ብትሆን ኖሮ እስካለቅስ ነበር የምስቅብህ።

ለብርቱካን ደወልኩና ሰማዩ ሲጠቁር ስምንት ሰዓት ላይ ነይ አልኳት። ያበድኩ መሰላት፣ ግን መጣች። ጋሽ ኃይሉም ለመሳቅ ጃንጥላ ይዘው ተከተሉን። እኔም ወጣሁ፣ ታዴ፤ እኔ! የመጀመሪያው ግንድ ላይ አረፍኩ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደብን፤ ወረደ ስልህ ዝም ብሎ አይደለም። ጋሽ ኃይሉ ጃንጥላቸው ተገለበጠና ይህ ሰውዬ ሞቶም አያርፍም እንዴ እያሉ ተነጫነጩ። እንመለስ አሉ። አንድ እርምጃ አልመለስም አልኩ። ጉልበቴ እንደሚቆላ በቆሎ ይንጣጣል፣ ግን ሦስተኛውንም አልፌ አናቱ ላይ ወጣሁ።

ዝናቡ አባራ። ጉሙ ከጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ሲሳብ እንደሚሆነው ቀስ እያለ ተንሸራተተ። ታየ! ሰፊ፣ ፀሐይ ያረፈችበት ሐይቅ፣ ልክ አንተ ባልከው ቦታ። ደግሞ በስተግራው ሌላ፣ ትንሽዬ፣ ክብ። አንድ ብለኸን ሁለት ሆኖ ተገኘ! ሁለተኛውን ለምን እንዳልነገርከን ገባኝ። አንዱን ያላመንን ሰዎች ሁለት ብትለን ምን እንደምናደርግህ ታውቅ ነበር።

እልልታዬን ለቀቅኩት። ደኑ መለሰልኝ። ብርቱካን ፎቶ እያነሣች ትዘላለች። ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምላሴን በቆረጠው ኖሮ ብለው እንባቸውን ጠረጉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስንወርድ እጄን ይዘው የደገፉኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ከአስፋልቱ ዳር ሰሌዳ ቆሟል፤ ስምህ አለበት፣ ከዝናብ በኋላ ይውጡ የሚልም አለበት። ያንን ቀልድ የሚያነሣ ካለ ጋሽ ኃይሉ ሥጋ አይሸጡለትም። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንግዶች ጋር እወጣለሁ፤ ካፖርትህንም የለበስኩት እኔ ነኝ፣ ለማንም አልሰጥም።

እስትንፋሴ እስካለች ድረስ አልረሳህም፤ የማልረሳህም በሆዴ ብቻ ይዤ አይደለም። እላይ የደረሰ ሰው ሁሉ ማን አገኘው ብሎ ይጠይቀኛል። አፌን ሞልቼ የምመልሰው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ያየው ባሌ ታደሰ ነው፣ መጨረሻ ያመንኩት እኔ ሚስቱ ነኝ።

ያንተዋ አልማዝ