ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው

ጥቅምት 14 ቀን 2002፣ ቅዳሜ

አዲስ አበባ። ዛሬም መጫወቻው ቦታ ዋልኩ። ስመጣ አሥራ አንደኛ ጊዜዬ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ፣ ከመሐል ሜዳ ድረስ በአውቶቡስ ተንገጫግጬ መጥቼ ሕፃናት የሚቦርቁበት ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ... ሰው ቢሰማ ምን ይላል?

እንግዲህ ስለ ቦታው አስተያየት ለመስጠት ከእኔ የሚሻል አይገኝም። የፕላስቲክ ፈረሶቹን ልጀምር። አሥራ ስድስት ናቸው። ሁሉም አፋቸውን ከፍተዋል፤ ጥርሳቸውን አየሁ፤ ዕድሜያቸው አይታወቅም። እኛ ገበያ ቢወጡ ዞሮ የሚያያቸው የለም። ቀኑን ሙሉ ይጋልባሉ፣ የትም አልደረሱም። ልጆቹ ግን ሲወርዱ ሩቅ አገር ደርሰው የተመለሱ ይመስላሉ።

ትንንሾቹ መኪኖች ለመጋጨት የተሠሩ ናቸው። ሰው ከፍሎ ይጋጫል። ከበሩ ውጭ ባለው መንገድ በነፃ ሲጋጩ አይቼ ነው የገባሁት። የሚያንቀጠቅጥ ባቡርም አለ፤ የተሳፈረ ሁሉ ይጮኻል። ከጣርማበር መሐል ሜዳ ያለው መንገድ ከዚያ ይብሳል፤ ማንም አይጮኽም። እንዲያውም አብዛኛው ሰው ይተኛል።

ደስ የሚለኝ የቁመት መለኪያው ሰሌዳ ነው። ከመስመሩ በታች የሆነ ልጅ ባቡሩ ላይ አይወጣም። ወላጆች የልጆቻቸውን ፀጉር ሽቅብ ያበጥራሉ፣ በእግር ጣትሽ ቁሚ ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ፈተና ላይ አባትና እናት አብረው ሲኮርጁ አላየሁም ነበር።

ከሁሉም ትልቁ ወንበሮች የተንጠለጠሉበት፣ ሽቅብና ቁልቁል የሚዞረው መዞሪያ ነው። እኔ መንኮራኩር እለዋለሁ። በገድል የማውቀው መንኮራኩር ሰማዕታት የሚሠቃዩበት ነው፤ እዚህ ቲኬት ተቆርጦ ይወጣበታል። ቲኬቱን የምትቆርጠው ኮከብ ናት።

ልጄ ናት። ከቤት ከወጣች ሦስት ዓመቷ። የመምህራን ኮሌጁን አንድ ዓመት ሲቀራት ትታ፣ ይታየው የሚባል የመርሐቤቴ ልጅ አገባች፤ ኤሌክትሪክ ሊዘረጋ መሐል ሜዳ የመጣ። አሁን መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ልብሷን ልትወስድ በመጣች ቀን ደጃፍ ላይ ቆሜ "እንደወጣሽ ቅሪ" አልኳት። የማርያም ዕለት ነበር። ጎረቤት ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሰማ። የአባት እርግማን ነው... አላነሳሁትም። እሷም ከዚያ ወዲህ ደጃፋችንን አልረገጠችም።

እዚህ የምመጣው እርግማኑን ላነሳ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ መጣሁ። ዛሬ የተነጋገርነው ይኸው፦

"ደህና ነዎት አባዬ?"

"ደህና። ወረፋው ዛሬ ቀለል ብሏል።"

"ስንት ልስጥዎ?"

"አንድ።"

ከኋላዬ ሰው ቆሟል። ቲኬቱን ለአንዲት ሴትዮ ሰጠኋት። እኔ አልወጣበትም።

ጥቅምት 16

መሐል ሜዳ። ብርድ። ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ ባለቤቴ ደብሪቱ "አልካት?" አለች። ወረፋ ነበረ አልኳት። ስለ ጥንቸሉ ነገርኳት። የጥንቸል ልብስ ለብሶ ከልጆች ጋር ፎቶ የሚነሳ ሰው አለ። ከሽንት ቤቱ ኋላ ቁጭ ብሎ፣ ራሱን አውልቆ ከጎኑ አስቀምጦ ዳቦ ሲበላ አገኘሁት። ራስ ያልኩት የጥንቸሉን ነው። ሙቀቱ አይጣል ነው አባቴ፣ ብሎ ዳቦውን ቆረሰልኝ።

ደብሪቱ በደህናው ጊዜ ትስቅ ነበር። "አንተ ሰውዬ፣ የጥንቸል ወሬ ልታመጣልኝ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የሄድከው?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ኅዳር 3

ስለ መጫወቻው ቦታ ሳስብ ዋልኩ። ስለ ኮከብ ላለማሰብ መሆኑን እኔም አላጣሁት።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ

አዲስ አበባ። ጾም ገብቷል። እዚያ ግቢ ግን ጾም የሚባል አልደረሰም፤ አይስክሬምና እንቁላል ብቻ። ደረቅ ዳቦ አለ ወይ ብዬ ብጠይቅ አሳላፊዋ አዘነችልኝ።

ዛሬ ከመርሐቤቴ የመጡ ማኅበርተኞች ገጠሙኝ። ስምንት አዛውንት፣ ከገዳም ሲመለሱ ነው። መንኮራኩሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ጫማቸውን አወለቁ። ኧረ ከነጫማችሁ ነው ልል አልኩና ተውኩት። ቀጥሎ ማን ይቅደም የሚለው መጣ። ቄሱ ይቅደሙ ተባለ፤ ቀደሙ። ሌሎቹ ሲሳፈሩ እሳቸው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ... ሁሉም ደስ አለው። መዞር ሲጀምር ግን ቄሱ ታች ሆኑ፣ ምእመናኑ ከበላያቸው። አንዲት አሮጊት ከላይ ሆነው "አባ፣ ይቅር ይበሉኝ!" እያሉ ይጣራሉ። በየዙሩ። ቄሱም በየዙሩ "ይፍታሽ" ይላሉ። ሲወርዱ ምንም አልመሰላቸውም። ነፋሱ ጥሩ ነው፣ አሉ።

ቀላል ነው ማለት ነው? አፍ ከፍቶ ይቅር በሉኝ ማለት?

ያን ጊዜ ኮከብ ጫማቸውን ልታቀብላቸው ከክፍሏ ወጣች። እርጉዝ ናት። በዚያች የቲኬት መስኮት የሚታየኝ ከደረቷ በላይ ብቻ ነው፤ በምን ልወቅ? አምስት ወር ይሆናታል። መስኮቱ ጋ ሄድኩ።

ስንት ልስጥዎ አለች። አንድ አልኩ።

ኅዳር 21

ለደብሪቱ ነገርኳት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። በጣቷ ወር ቆጠረች። መጋቢት መግቢያ ላይ ትወልዳለች አለች።

በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ነው የምትወልደው። ይሄን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ "ልጄ እናቷ በሕይወት እያለች እንደ ሙት ልጅ በሰው እጅ አትወልድም። አንተ ያልከውን አንተው አንሳው።"

ራት ሰጠችኝ። አብራኝ አልበላችም።

ኅዳር 30

የንስሐ አባቴ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ጋ ሄድኩ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ የበደለው ሰው እግር ላይ ይወድቃል። ነፍስ ያጠፋም፣ ድንበር የገፋም እንዲያ ያደርጋል። አባት ለልጁ እንዲያ ያደርጋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

ጢማቸውን ዳበሱ። "ለልጁ ድንጋይ የተሸከመ አባት አላየሁም" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ "የሚከለክልም አላነበብኩም።"

ታኅሣሥ 14

ከጓሮው ካብ ድንጋይ ስመርጥ አረፈድኩ። ትንሽ ከሆነ ፌዝ ነው። ትልቅ ከሆነ ወገቤ... የዳቦ ያህሉን ያዝኩ። ደብሪቱ አዲስ አበባ ድንጋይ ጠፋ ወይ አለች። ያጠፋሁት እዚህ ነው አልኳት። ድንጋዩን አጥባ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ።

ታኅሣሥ 16

ደብረ ብርሃን። መንገድ ላይ ረዳቱ ቦርሳዬን ጣራ ላይ ሊጭን አንስቶ አስቀመጠው። ምንድን ነው አለ። ድንጋይ አልኩት። ፊቴን አየ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያውቅ እግሬ ሥር ተወልኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ከገዳም የመጣ መስሏት ቦርሳውን ነክታ ግንባሯን አሻሸች። አላረምኳትም። ማን ያውቃል?

ታኅሣሥ 17፣ ቅዳሜ

እንደሆነው ልጻፈው።

ፍተሻው ላይ አፈወርቅ ነበር፤ እኩያዬ የሚሆን ጥበቃ፣ የድሮ ወታደር። በመጣሁ ቁጥር የሚፈትሸኝ እሱ ነው። ቦርሳዬን ከፈተ። ዘጋው። እንደገና ከፈተው።

"መምህር፣ ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው።"

የት ተጽፏል አልኩት። ሰሌዳው ላይ ምግብ፣ መጠጥ፣ ስለት፣ የጦር መሣሪያ ይላል። ድንጋይ የለበትም። ያልተጻፈው እስከ ዛሬ ማንም ስላላመጣ ነው አለ። እውነቱን ነው። ከኋላዬ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ።

"ለማን ነው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ለልጄ። ትልቁ መዞሪያ ጋ ቲኬት የምትቆርጠው።"

"ምን አድርገዋት?"

"ረግሜያት።"

ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ከዚያ ደንቡ የሚከለክለው እንግዳ ሰው ድንጋይ ይዞ እንዳይገባ ነው፣ ስለ ጥበቃ የሚለው ነገር የለም አለኝ። ፍተሻውን ለባልደረባው ትቶ፣ ድንጋዩን አውጥቶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ቀደመ። ሽማግሌ ሳላዘጋጅ መምጣቴ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ድንጋይ መርጦ ሽማግሌ ይረሳል?

መስኮቷ ፊት ስንደርስ ትከሻዬ ላይ አሸከመኝ። ጎንበስ አልኩ። ቅዳሜ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል። አንዲት ሕፃን እናቷን "ይሄኛው በስንት ነው?" ስትላት ሰማሁ።

ኮከብ ወጣች። የማየው ጫማዋን ብቻ ነው። አፈወርቅ እንደ ደንቡ ተናገረ፤ አባትሽ በድያታለሁ እያሉ ነው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በያቸው አለ። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ከአውቶቡሱ ጀምሮ ስለማመደው የነበረ። የወጣኝ "ይቅር በይኝ" ብቻ ነው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። ድንጋዩን ልታወርድልኝ እጇን ስትዘረጋ ሌላ እጅ ቀደማት። ይታየው ነው። መንኮራኩሩን አቁሞ፣ ሰዉን ላይ ሰቅሎ መጥቷል። "ከባድ ነገር እንዳታነሳ ሐኪም ከልክሏታል" አለኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። የሚነቀፍ አላገኘሁበትም። ላይ የቀሩት ሰዎች ሲጮኹ ሮጦ ተመለሰ።

አለቀስኩ። ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ጠየቅኋት። እናትሽ ትጠብቅሻለች፣ መጥተሽ ቤትሽ ውለጂ አልኳት።

"እዚህ የሚያውቀን የለም፣ አባዬ። የረገሙኝ እዚያ ነው፤ ሰው ፊት።"

ወደ መስኮቷ ተመለሰች። ወረፋው ቀጠለ።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ኮከብ አልደወለችም። ደብሪቱ ለገንፎ የሚሆን ገብስ አዘጋጅታ ጨርሳለች። ባትመጣስ ብላት ለአውራ ዶሮው አበላዋለሁ አለች። አላመንኳትም።

ጥር 13

ይታየው ደወለ። ለአስተርእዮ ማርያም እንመጣለን፣ ሐኪሙ ቀስ ብላችሁ ሂዱ ብሏል አለ። እኔም ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ፣ የኋላው ወንበር ያነጥራል አልኩት። ይሄን ያህል ተነጋገርን።

ደጃፉ ላይ ስትደርስ ምን ልል ነው?

ጥር 21፣ ዓርብ

መጡ።

አውቶቡሱ የደረሰው ሰው ከማርያም ሲመለስ ነው። ደብሪቱ ከሩቅ ስታያቸው ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። አቅፋት እየሳመቻት እስከ ደጃፍ አመጣቻት። ኮከብ እዚያ ስትደርስ ቆመች። እናቷ ክንዷን ሳበች፤ አልተንቀሳቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ቆመች።

እርግማኑን ያን ቀን ከሰሙት አንዷ ጎረቤታችን አስካለ ማርያም ናት። እሷም ቆመች። ከኋላዋ ያሉትም ቆሙ። ግማሾቹን ፊደል ያስቆጠርኩ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም። ክፍል ውስጥ እንኳ ሒሳቡ ሲጣመምብኝ ሰሌዳውን አጥፍቼ ነበር የምቀጥለው።

አዲስ አበባ ላይ ድንጋዩ አልከበደኝም ነበር። እዚህ ባዶ ትከሻዬ ከበደኝ። ደብሪቱ አየችኝ።

እንደ ክፍል አድርጌ፣ ኋላ ያለው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። "ልጄን እዚህ ደጃፍ ላይ ስረግማት ሰምታችኋል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እርግማኑን አንስቻለሁ፣ ይሄንንም ስሙልኝ።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ፣ "ግቢ፣ ልጄ" አልኳት።

አስካለ ማርያም "አሜን" አለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ኮከብ ቀና ብላ አየችኝ። በቀኝ እግሯ ገባች።

ሴቶቹ ሁሉ ተከትለዋት ሲገቡ ይታየው ሻንጣ ይዞ ውጭ ቀረ። ግባ ያለው ሰው የለም። እሱም ለመግባት አልሞከረም፤ ዕድሜ ልኩን እዚያው ሊቆም የተዘጋጀ ይመስላል።

"አንተስ? ግባ እንጂ" አልኩት። ሻንጣውን ተቀበልኩት።

ይሄንን የምጽፈው ደጅ ተቀምጬ ነው። ቤቱ በሴት ተሞልቷል፤ የእኔ አልጋ ለኮከብ ተነጥፏል፤ ማንም የት ነህ አላለኝም። ውስጥ ደብሪቱ ስትስቅ ይሰማኛል። ደስ ብሎኛል።