ስለ ጠቆረው ስክሪንና ስለማይላጠው ተለጣፊ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤታችን የንብረት አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በውኃ ቢሮው ምድር ቤት ተቀምጬ የቧንቧ መስመር ንድፍ የምሠራው ሠራተኛዎ ነኝ። ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው አዲሱ የግራፊክስ ካርድ ኮምፒውተሬ ውስጥ ከገባ ወዲህ ግን ሥራዬ በጠቆረው ስክሪን ላይ የገዛ ፊቴን ማየት ሆኗል። ሽበቴን በጊዜ እንዳውቀው ስለረዱኝ አመሰግናለሁ፤ ይህንንም በእጅ ጽሑፍ ማቅረቤን ይቅር ይበሉኝ። ምስጋናዎቼ በዝርዝር እነሆ፦

1. ካርዱ የተገዛው የላይኛው ሰፈር የውኃ መስመር ንድፍ ኮምፒውተሬን ስለከበደው ነበር። ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ክፍልዎ በሚደነቅ ትጋት የንብረት ቁጥር ለጥፎ ማኅተም መታበት። ሌላ ሰፊ ቦታ ሞልቶ ሳለ የስክሪኑ ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ላይ መለጠፉ፣ ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳይጠቀምበት ታስቦ እንደሆነ አልጠራጠርም።

2. በፍቅር «አጥፍተህ አብራው» የምንለው የኮምፒውተር ባለሙያችን፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት መላጥ እንደሚያስቀጣ እርስዎ በማስታወቂያ ስላስጠነቀቁ፣ ገመዱን በኮምፒውተሩ አሮጌ መሰኪያ ሰክቶት ሄደ። አዲሱ ካርድ ከገባ በኋላ በአሮጌው መሰኪያ በኩል ምስል እንደማይመጣ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የሚያሳድጋቸው ልጆች አሉት።

3. ስክሪኑ ጠቆረ ብዬ ሳመለክት ጆሮ ዳባ ልበስ አላሉኝም። ስክሪኑን አስቀየሩልኝ፤ የተተካውም ጠቆረ። ገመዱን አስቀየሩልኝ፤ ያው ነው። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጫን አሉ፤ ጫኙም ምን እንደሚጭን ማየት ስላልቻለ እጁን አጣጥፎ ተመለሰ። በመጨረሻ ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴውም በክፍሉ መብራት መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ችግሩ የተጠቃሚው ዓይን ሊሆን ስለሚችል እንድመረመር ወሰነ። ተመርምሬያለሁ፤ ዓይኔ ደህና ነው።

4. ተለጣፊው ጥቂት ወደ ጎን እንዲዛወር ስለምንዎ፣ ንብረት ያለ ቁጥር ለአፍታም መቆየት እንደማይችል በትዕግሥት አስረዱኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ በበኩሌ ቅሬታዬ በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ላይኛው ሰፈር አክስቴ ትኖራለች። እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዛሬም ያንን ዳገት ጄሪካን አዝላ ትወጣለች፤ መሐል ላይ ጉልበቷን ይዛ ስትቀመጥ ደግሞ ደህና ነኝ ትለኛለች። ቆፋሪዎቹ የሚጠብቁት ንድፌን ብቻ ነው፤ እስከ ዓርብ ካልደረሳቸው መሣሪያቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ፣ የሰፈሯም ተራ ለከርሞ ይተላለፋል። የሷ ጉልበት ከርሞን ይጠብቃል ብዬ መማል አልችልም። ተናድጃለሁ፤ ይህን በትሕትና የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ቁጥር ስላልተለጠፈብኝ እስካሁን በመሥራት ላይ የምገኝ፣ ለማኅተምዎ ክብር ዘወትር ከወንበሬ የምነሣ ታዛዥዎ፣

የምድር ቤቱ ንድፍ ሠሪ

ሳልጠቅሰው የቀረ፦ ትናንት ደብዳቤውን ጨርሼ ስነሣ እጄ አልታገሥ ብሎኝ ተለጣፊውን ላጠው። ገመዱን አዲሱ ካርድ ላይ ስሰካው ስክሪኑ ወዲያው በራ፤ ንድፉም ተጠናቆ ዛሬ ጠዋት ቆፋሪዎቹ እጅ ገብቷል። ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዳይጣል መመሪያዎ ስለሚያዝም፣ ብንዘጋው ማንም ልዩነቱን የማያውቀው ቀዳዳ ፈልጌ በጥንቃቄ ለጥፌዋለሁ፤ ከቢሮዎ በር አጠገብ ባለው የአስተያየት መስጫ ሣጥን አፍ ላይ ያገኙታል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሠራተኛው ሁሉ ጋር ተጋፍተው የሚያነቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።